የሩፋዓው የነፍስ ሐኪም

ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ኢማሞች የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። መርፌ ጾም ያበላሻል ወይ? የጥርስ ሳሙናስ? ለሱሑር ሲበላ አዛን የተባለበት ሰው የጎረሰውን ይዋጥ ወይስ ይትፋ? ለእነዚህ መልሱ በኪታብ ተዘርዝሮ የተቀመጠ ስለሆነ ጠያቂውም ተጠያቂውም አይቸገሩም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚመጡ አሉ። ተራዊህ አልቆ ጀመዓው እስኪበተን፣ የጫማው መደርደሪያ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃሉ። አንዱ ለአንድ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ሰዓት ሙሉ ከቧንቧው ሥር እንደሚቆም ይናገራል። አንዲት እናት ልጃቸው "ወሩ የእዝነት ወር ነው፣ አላህ ያሽረኛል" ብሎ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ካቆመ ዐሥር ቀን እንደሆነው፣ ዐሥሩንም ሌሊት እንቅልፍ እንዳልዞረበት ያወራሉ። ሌላው ሱጁድ በወረደ ቁጥር ስለ ፈጣሪው የሚዘገንን ሐሳብ ይመጣበታል፤ ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል አጥቶ ያለቅሳል። "ሸይኽ፣ እኔ ከእስልምና ወጥቻለሁ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል።

ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠውን መልስ ሳሰላስል ብዙ ጊዜ የሚታወሱኝ ሰው ኢማም አልነበሩም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ በእኛ አነጋገር የሥነ ልቦና ሐኪም ነበሩ፤ ሱዳናዊው ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ። ስለ እሳቸው የምጽፈው ከተራዊህ በኋላ ለሚጠብቁት ሰዎች የሚሆን ነገር ትተው ስላለፉ ነው።

ማሊክ በድሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ሩፋዓ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሩፋዓ የአባይ ዳር ከተማ ናት፤ የእኛን ደጋ አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ውሃ ካርቱም ከመድረሱ በፊት በደጃፏ ያልፋል። በሱዳን ታሪክ ስሟ የሚነሣው ግን በአባታቸው በሸይኽ ባቢክር በድሪ ነው። ባቢክር በወጣትነታቸው የደርቡሽ ወታደር ነበሩ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ እሳቸው ወደ ግብፅ በዘመተው በሌላው የደርቡሽ ጦር ውስጥ ነበሩና ቱሽኪ ላይ ጦሩ ሲሸነፍ ተማረኩ። ከምርኮ ተመልሰው፣ የኦምዱርማንን ሽንፈትም አይተው፣ በመጨረሻ አስተማሪ ሆኑ። እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ልክፈት ብለው ጠየቁ። ባለ ሥልጣናቱ ሕዝብ ያስቆጣል ብለው ከለከሏቸው። ደጋግመው ሲያስቸግሩ በ1907 በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ወጪ እንዲያደርጉት ተፈቀደላቸው። በጭቃ ቤት ውስጥ ትምህርት የጀመሩት ልጃገረዶች 17 ነበሩ፤ ዘጠኙ የራሳቸው ልጆች፣ ስምንቱ የጎረቤት። ኋላ ኦምዱርማን ላይ የተቋቋመው የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የዚያ የጭቃ ቤት ፍሬ ነው።

ይህን ያህል ስለ አባትየው ማውራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሊክ ሲወለዱ አባታቸው ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ልጁ ያደገው ከባዕድ ጋር በጠመንጃ የተፋለመ፣ ኋላም ከዚያው ባዕድ አስተዳደር ጋር ተከራክሮ ለልጆቹ ትምህርት ያስገኘ ሰው ቤት ውስጥ ነው። ባዕድ ያመጣውን ሁሉ መቀበልም ሁሉን መጣልም በዚያ ቤት አልነበረም። የማሊክ በድሪ የሙያ ሕይወት በሙሉ፣ እኔ እንደማየው፣ ይኸው የአባት ጠባይ በሌላ ሜዳ ሲሠራ ነው።

ወጣቱ ማሊክ ወደ ቤይሩት ተሻግሮ በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1956፣ ሁለተኛውን በ1958 ያዘ። ከዚያ እንግሊዝ ሄዶ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ በ1961 ዶክተር ሆነ። ከእንግዲህ አንቱ እላቸዋለሁ። ከቀደምት ጥናቶቻቸው አንዱ ዌይን ዴኒስ ከሚባሉ አሜሪካዊ ጋር በ1964 ያሳተሙት ነው። በዚያ ዘመን የልጅን የማሰብ ችሎታ ለመለካት "ሰው ሣል" የሚባል ፈተና ነበር፤ ልጁ በሣለው ሰው ላይ ዐይኑ፣ ጣቱ፣ ልብሱ እየተቆጠረ ነጥብ ይሰጠዋል። ሁለቱ ሰዎች በሱዳን ልጆች ላይ ሲሠሩበት ነጥቡ ከአካባቢው ዘመናዊነት ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አዩ። ከሥዕልና ከመጽሐፍ ርቆ ያደገ ልጅ ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ ማለት አእምሮው ደካማ ነው ማለት አይደለም። የእኛን አገር የቁርኣን ቤት ልጅ ያስቧል። ሎሕ ይዞ ሠላሳ ጁዝእ በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ እርሳስ ሰጥተው ሰው ሣል ቢሉት ምን ያህል ነጥብ ያገኝ ይሆን?

በ1960ዎቹ አጋማሽ እንደገና ወደ ለንደን ሄደው በሚድልሴክስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሥልጠና ወሰዱ። ጊዜው ጥሩ ነበር። በአውሮፓ ገንኖ የነበረው የፍሮይድ ትምህርት ነው፤ ሕመምተኛው ተጋድሞ ስለ ልጅነቱ ለዓመታት ይናገራል፣ ሐኪሙ ያዳምጣል። በለንደን ግን ሌላ መንገድ እየተከፈተ ነበር። የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ነገር ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ በደረጃ እየተለማመደ ፍርሃቱ እንዲለቀው ማድረግ። ጆሴፍ ዎልፒ የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም በ1958 ባወጡት መጽሐፍ ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ ሕመምተኛው ሰውነቱን ዘና ማድረግ ይማራል፣ ዘና ባለበት ሁኔታ የሚያስፈራውን ነገር በሐሳቡ ያመጣል፣ አንዱን ደረጃ ሲለምድ ወደሚቀጥለው ይወጣል። በድሪ ይህን ዘዴ ተማሩ፤ በ1967ም ፍርሃቱ ወደ አንድ ነገር ሳይወሰን በሁሉ ነገር ላይ ለተበተነበት ሕመምተኛ የሚሆን የራሳቸውን ማሻሻያ በሙያ መጽሔት ላይ አሳተሙ።

እዚያው ሚድልሴክስ፣ እዚያው የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል፣ ቪክቶር ማየር የተባሉ ባለሙያ በ1966 ያሳተሙትን የሁለት ሴቶች ታሪክ ሳነብ በመገረም ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ። የመጀመሪያዋ አስተማሪ ናት፤ ቆሻሻ ነካኝ እያለች ቀኑን ሙሉ ትታጠባለች። ምንም ሕክምና አልረዳትም። ማየር ሆስፒታል አስተኟት፤ የክፍሏን ውሃ አዘጉ፤ ነርሶች አጠገቧ ሆነው ያስፈራትን ነገር እንድትነካ፣ ነክታም እንዳትታጠብ አደረጉ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣ፤ ሳይታጠቡት ሲቀር ግን ራሱ ወረደ። ሁለተኛዋ ስለ መንፈስ ቅዱስ ነውረኛ ሐሳብ እየመጣባት በልዩ ልዩ ድርጊት ልታጠፋው የምትደክም ክርስቲያን ሴት ነበረች። እሷንም የማጥፊያ ድርጊቱን በማስቀረት ረዷት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች ቀዳሚው ከዚህ የበቀለ ነው፤ ለሚያስፈራው ነገር መጋለጥ፣ ተጋልጦም ምላሹን መከልከል።

የተገረምኩት ለምን እንደሆነ ኪታብ የቀሩ አንባቢዎች ሳይገባቸው አልቀረም። በወሎ ፊቅህ ስንቀራ ገና ከጠሃራ ምዕራፍ ሳንወጣ ሸይኻችን የሚያስጨብጡን መርሕ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም የሚለው ነው። ውዱእ እንዳለህ ካወቅህ፣ ፈታሁት ይሆን ብለህ ብትጠራጠር፣ ውዱእህ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ውስጥ የጠረጠረ ሰው ድምፅ ካልሰማ ወይም ሽታ ካላገኘ ሶላቱን ትቶ እንዳይወጣ አዝዘዋል። ዑለማኦች የሽንት ጠብታ ወጣ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ከውዱእ በኋላ ልብሱ ላይ ውሃ ርጭ እንዲያደርግና ርጥበት ቢያይ ከዚያ ውሃ ነው እንዲል መክረዋል። ኢብኑ ቁዳማ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ወስዋሰኞችን የሚወቅስ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ክፉ ሐሳብ መጣብን፣ ከምንናገረው ከሰል ሆነን ብንቀር እንመርጣለን ብለው ለከሰሱት ሶሓቦች ደግሞ ነቢዩ ያ መጨነቃቸው ራሱ የእምነት ምልክት መሆኑን ነግረው አረጋጓቸው። ሱጁድ ላይ የሚያለቅሰው ወጣት መልሱ ይኸው ነው፤ ከእስልምና የወጣ ሰው እንዲህ አይጨነቅም።

ስለዚህ ሰዓት ሙሉ ቧንቧ ሥር ለሚቆመው ሰው ኢማሙ "ሦስት ጊዜ ታጥበሃል፣ በቃህ፣ ብትጠራጠርም ሂድና ስገድ" ሲለው ፊቅሁን ነው የነገረው፤ የለንደኑ ሐኪም ቢሆንም የሚለው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም። ኢማሙ ፍርዱን ነግሮ ይሸኘዋል። ሰውየው ፍርዱን ያውቀዋል፣ ምናልባት ከኢማሙ በላይ አንብቦታል፣ ቤቱ ሲደርስ ግን እጁ እንደገና ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ሐኪሙ አብሮት ይቆያል። ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን እያለ ደረጃ አበጅቶ ለሳምንታት ያለማምደዋል። ከቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኢብኑ ዐቂል፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ ጠልቄ ትጥበቴ ተቀባይነት ማግኘቱን እጠራጠራለሁ ላላቸው ሰው፣ ሂድ፣ ሶላት ከአንተ ላይ ተነሥቷል፣ ምክንያቱም እብድ አይጠየቅም ብለው እንደመለሱለት ይተረካል። ለተማሪ የሚያስቅ መልስ ነው። ለሕመምተኛው ግን ይህን መልስ የሚደግም ኢማም ባይኖር እመርጣለሁ።

ወደ በድሪ እንመለስ። ሰውየው በካርቱም፣ በሪያድና በሌሎችም የዐረብ አገሮች ሲያስተምሩ አንድ ነገር እረፍት ይነሣቸው ነበር። ሙስሊም የሥነ ልቦና ምሁራን ቤታቸው ሲገቡ ይሰግዳሉ፣ ይጾማሉ፤ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ሰው ነፍስ የሌለው፣ ሃይማኖትም የልጅነት ፍርሃት ውጤት እንደሆነ የሚያስተምር መጽሐፍ ሳያላምጡ ይዘረግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ በሙስሊም የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ጽሑፍ ርእሱ ስለ ሙስሊም ሳይኮሎጂስቶችና ስለ እንሽላሊት ጉድጓድ ነበር። ቀደምት ሕዝቦችን ስንዝር በስንዝር እንደምንከተል፣ እንሽላሊት ጉድጓድ ቢገቡ እንኳ ተከትለን እንደምንገባ ከሚያመለክተው ሐዲስ የተወሰደ ነው። ጽሑፉ ሰፍቶ በ1979 የሙስሊም ሳይኮሎጂስቶች ጭንቅ በሚል ሐሳብ በመጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉ ሙስሊሙ ምሁር የሚያልፍባቸውን ሦስት ደረጃዎች ያሳያል። መጀመሪያ ከምዕራቡ ትምህርት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ቀጥሎ ፍሮይድም እንዲህ ብሏል፣ ቁርኣንም እንዲህ ብሏል እያለ ሊያስታርቅ ይደክማል። በመጨረሻ፣ ከደረሰ፣ ነጻ ይወጣል።

ነጻ መውጣት ማለት ትምህርቱን መጣል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ይህን የሚስቱ አሉ፤ የበድሪን ስም ይዘው "ሳይኮሎጂ የካፊር ነው" የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። በድሪ የለዩት ዘዴውን ከፍልስፍናው ነው። ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ ማስለመድ ይሠራል፤ በተፈተነ ዘዴ መጠቀም ኪሣራ የለውም። ሰው እንደ ውሻና እንደ አይጥ በልማድ ብቻ የሚነዳ ፍጡር ነው የሚለው ግን ከዘዴው ጋር ተለጥፎ የመጣ እምነት ነውና አልወሰዱትም። ፈረሱን ገዝቶ ልጓሙን ለሻጩ የሚተው የለም።

ከዚህ የወጣው የሕክምና መንገዳቸው በአጭሩ ይህ ነው። ሕመምተኛው የሚያምን ሰው ከሆነ እምነቱ ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ እንደ ጫማ የሚወልቅ ነገር አይደለም። የሚፈራው፣ የሚያፍርበት፣ የሚጸጸትበት፣ ተስፋ የሚያደርገው ሁሉ በዚያ ቋንቋ ነው የተጻፈው። ልጇ የሞተባት እናት ስለ ቀደር ያላት እምነት ሊያጽናናት ይችላል፤ "ኃጢአቴ ነው የገደለው" ብላ ከተረጎመችው ግን ሊጨፈልቃት ይችላል። ሐኪሙ ያንን ትርጉም ሳያውቅ የትኛውን ሐሳብ ያቃናል? አሮን ቤክና አልበርት ኤሊስ በአሜሪካ የሰው ስሜት የሚመነጨው ስለ ነገሩ ካለው ሐሳብ ነው ብለው ሕክምናውን ወደ ሐሳብ ሲያዞሩት በድሪ ደስ አላቸው፤ ነፍስ በጓሮ በር ተመልሳ ገባች። ተፈኩር፣ ማለትም ማስተንተን፣ ላይ የጻፉት መጽሐፍ በዐረብኛ ከታወቁ ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። በፍጥረት ላይ ማስተንተን ዒባዳ መሆኑን እናውቃለን። እሳቸው የጨመሩት ሰው ደጋግሞ የሚያስበው ሐሳብ ጠባዩን እንደሚሠራ፣ ስለዚህ ማስተንተን ለነፍስ ጤና መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል በሙያቸው ማስረዳት ነው።

ይህ ይሠራል ወይ? በማሌዥያ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጭንቀት ሕመም የተያዙ 62 ሙስሊሞች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሁሉም የተለመደውን ሕክምናና መድኃኒት አገኙ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ቁርኣንና ሐዲስ የገቡበት ምክር ተሰጣቸው። በሦስተኛው ወር ተጨማሪውን ያገኙት ቀድመው ተሻላቸው። በስድስተኛው ወር ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ይህን በሙሉ እነግራችኋለሁ፤ ግማሹን ብቻ ይዞ ሚንበር ላይ የሚወጣ አለና። እምነት የገባበት ሕክምና እፎይታን አፈጠነ፤ የተለመደው ሕክምናም ዘግይቶ ደረሰ። ለእኔ ሁለቱም መልካም ዜና ነው።

በድሪ በመጨረሻ ዘመናቸው የደከሙለት ሥራ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተኛ ኪታብ ነው። አቡ ዘይድ አል-በልኺ ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ከበልኽ አካባቢ የተነሡ ሊቅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ934 ሞቱ። ዓለም ያወቃቸው በካርታቸውና በጂኦግራፊያቸው ነበር። ስለ አካልና ስለ ነፍስ መጠበቅ የጻፉት ኪታብ በኢስታንቡል አያሶፍያ ቤተ መጻሕፍት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ኖሮ በ1984 ፍራንክፈርት ላይ ፉአት ሴዝጊን ፎቶውን አሳተሙት። በድሪ የነፍሱን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ2013 አወጡት። አል-በልኺ የዘመናቸውን ሐኪሞች የሚወቅሱት ስለ አካል ብቻ ጽፈው ነፍስን ዘንግተዋል ብለው ነው። የአካል በሽታ ሳይነካው ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ሰው አለ፤ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ኀዘን ሳይነካው የሚውል ግን የለም ይላሉ።

ኀዘንን ሁለት አድርገው ይከፍሉታል። አንዱ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሰው ሞተ፣ ሀብት ጠፋ። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ ነው፤ ሰውየው ለምን እንደከፋው አያውቅም፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ይሬትበታል። ይህኛው መነሻው ከአካል ነውና አካልም መታከም አለበት ይላሉ። ዛሬ ድባቴ የምንለውን በዚህ ጥራት የለዩት በዐሥረኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለሚፈራ ሰው የሚፈራውን ድምፅና እይታ ቀስ በቀስ ማስለመድን ይመክራሉ። ሰው ጤነኛ ሳለ መልካም ሐሳቦችን አከማችቶ እንዲይዝ፣ ቤቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሰው ለክፉ ቀን እንዲያስቀምጣቸው ይነግሩታል። ለወስዋሰኛ ደግሞ ብቻውን እንዳይሆን ይከለክሉታል፤ ብቸኝነት ሐሳቡን ይመግባልና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በረመዳን መጨረሻ ዐሥር ቀናት ኢዕቲካፍ የሚገባ ወስዋሰኛ ከመስጂዱ ጥግ መጋረጃ ጋርዶ ብቻውን ከሚቀመጥ ከጀመዓው ጋር ቁርኣን ቢቀራ ይሻለዋል።

በድሪ ሁሉን በትክክል ጻፉ አልልም። በ1976 እስልምናና የመጠጥ ሱስን አስመልክቶ ያሳተሙት መጽሐፍ መዲና ላይ ኸምር ደረጃ በደረጃ የተከለከለበትን መንገድ ከዘመኑ የሱስ ሕክምና ጋር እያነጻጸረ ያስረዳል፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ጫት ይዞ ተቀምጦ ተራዊህ ለሚያመልጠው የእኛ አገር ወጣት የሚጠቅም ነው። መዲና ውስጥ መጀመሪያ ጉዳቱ ተነገረ፣ ቀጥሎ ሰክሮ መስገድ ተከለከለ፣ በመጨረሻ ጨርሶ ተከለከለ፤ ጎረቤቱ ሁሉም አብሮ ተወው። አብሮ የሚቅመው ባልደረባ ሳይለወጥ አንድን ሰው ለብቻው መምከር ለምን እንደማይሠራ ከዚህ ይታያል። ስለ ኤች አይ ቪ የጻፉት ግን አላረካኝም። የበሽታውን ምንጭ ከምዕራቡ የወሲብ አብዮት ጋር ያስሩታል። እኛ አገር ከቤቷ ሳትወጣ የተያዘችው ሚስት፣ ከእናቱ ጡት የወሰደው ሕፃን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው።

ፕሮፌሰር በድሪ በማሌዥያ ዓለም አቀፍ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት፣ ኋላም በኢስታንቡል አስተማሩ። በ2017 የእስላማዊ ሥነ ልቦና ዓለም አቀፍ ማኅበርን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1 ቀን 2013፣ በ88 ዓመታቸው አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

አሁን ልጃቸው መድኃኒት ያቆመባቸውን እናት እንመልከት። ቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት በተደረጉት ጥናቶች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ፣ ቤተሰብም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባህላዊና ሃይማኖታዊ ፈውስ እንደሆነ ታይቷል። ጅን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፤ አንክድም። ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን ነቢዩ ታከሙ ብለው አዝዘዋል፤ በሰንሰለት አስሮ መግረፍ ሕክምና አይደለም። ሱዳን ውስጥ የሥነ አእምሮ ሕክምናን የጀመሩት ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሒ ከሸይኾች ጋር ተባብረው ይሠሩ ነበር። እኛም ዘንድ ቁርኣን የሚቀራው ቁርኣን እየቀራ፣ ሕመምተኛው አማኑኤል ሆስፒታል ክትትሉን ሳያቋርጥ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ጾሙን በተመለከተ አላህ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል፤ የአእምሮ ሕመም ከሕመም አይለይም። ሕመሙ የማይለቀው ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። አእምሮውን የሳተ ሰው ደግሞ ብዕር ከተነሣላቸው ሦስቱ አንዱ ነውና ጾምም አይጠየቅ። ብዙ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሑር ሊያዛውረው ይችላል። ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ግን የተለየ ነው። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊከማችና ሊመርዝ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክርና ደሙን ሳያስለካ መጾም የለበትም። ለዚህ ሰው የሌሊት እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ተራዊህ ሱና ነው፤ ስምንቱን ቤቱ ሰግዶ ቢተኛ የሚወቅሰው የለም። እናቲቱ ለልጃቸው ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በፊት ሊያደርጉለት የሚገባው መድኃኒቱን ከነወረቀቱ ይዘው ያዘዘለት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። አብሮ የሚሄድ ሰው ካስፈለገም የመስጂዱ ኢማም ሊሸኛቸው ይችላል።